የግብርና መምህሩ ምን ያስፈልገዋል?
በአዊ ምድር የሁለተኛ ደረጃ የግብርና ትምህርትና የመምህራኑ የሙያ ዕድገት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ስለ መምህራን የሙያ ዕድገት በሚነገርበት ጊዜ ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመምህሩ ጉድለት ነው። ይህን አያውቅም፣ ያንን አልተማረም፣ ስለዚህ ሥልጠና ይሰጠው ይባላል። ሥልጠናው ይሰጣል፤ የምስክር ወረቀቱም ይታደላል። መምህሩ ግን ወደ ክፍሉ ሲመለስ የቀድሞው ችግር እንዳለ ይጠብቀዋል። የዛሬው ንግግር መነሻውን ከሌላ ስፍራ ያደርጋል፤ ይኸውም ከመሬቱ፣ ከተማሪውና ከትምህርት ዘመኑ ነው። መምህሩ የሚያስፈልገው ነገር በትክክል የሚታወቀው እነዚህ ሦስቱ ከእርሱ የሚጠይቁት ነገር ተለይቶ ሲታወቅ ነውና።

ለምሳሌነት የተመረጠው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በተለይም የእንጅባራና የዳንግላ አካባቢ ነው። ሁለቱ ከተሞች ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙ ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት በመኪና ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ሆኖም በአየር ንብረት፣ በአፈርና በአዝመራ ረገድ ልዩነታቸው ሰፊ ነው። በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ ዓይነት ዝግጅት የሚያስተምሩ ሁለት መምህራን በእነዚህ ሁለት ከተሞች ቢመደቡ የሚገጥማቸው ጥያቄ አንድ ዓይነት አይሆንም። የጉዳዩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

ሀ. ግብርና በትምህርት ቤት ያለፈበት መንገድ

ግብርናን በዘመናዊ ትምህርት ቤት ማስተማር ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። የአምቦ የግብርና ትምህርት ቤት በ1939 ዓ.ም.፣ የጅማ የግብርና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ደግሞ በ1945 ዓ.ም. ሥራቸውን ጀምረዋል። ከአሜሪካ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው የዓለማያ ኮሌጅ በጥር 1950 ዓ.ም. ተመርቋል። በ1950ዎቹ ዓመታትም ከቀለም ትምህርት ጎን ለጎን ግብርና፣ የቤት አያያዝ፣ የእጅ ጥበብና የንግድ ሥራ የሚሰጥባቸው ሁለገብ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲስፋፉ ጥረት ተደርጓል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለመምህራን ማኅበር ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ምዕራፍ አለ። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ሴክተር ሪቪው ትምህርትን ከገጠር ኑሮና ከምርት ሥራ ጋር ለማስተሳሰር ያለመ ጥናት ነበር። ይሁን እንጂ እቅዱ የድኻውን ልጅ ከከፍተኛ ትምህርት ደጃፍ መልሶ በሞፈርና በቀንበር ላይ ሊያስቀረው ነው የሚል ብርቱ ሥጋት አሳደረ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ካቆሙባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር፤ መንግሥትም የእቅዱን አፈጻጸም ለማዘግየት ተገዷል። ነገሩ ካለፈ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖታል። ትምህርቱ ግን አላለፈም፦ መምህሩ ያልመከረበትና ወላጅ ያላመነበት የግብርና ትምህርት በወረቀት ላይ ምንም ያህል ቢያምር ሥር አይሰድም። ገበሬው ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው ከእርሻ ድካም እንዲገላገልለት ነው። ያ ልጅ ወደ ቤቱ ተመልሶ «ዛሬ ስለ እርሻ ተማርን» ሲለው አባቱ የሚያነሣውን ጥያቄ ለመመለስ ዝግጁ መሆን ያለበት የግብርና መምህሩ ነው።

በአብዮቱ ዘመን «ትምህርት ለምርት» ከመንግሥት መርሆዎች አንዱ ሆኖ የትምህርት ቤት እርሻዎች በየቦታው ተስፋፍተው ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሙያ ሥልጠናን ከአጠቃላይ ትምህርት ለይቶ ሲያደራጅ፣ በ1990ዎቹ ውስጥ የተከፈቱት የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችን አወጡ። በአጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ ግን ግብርና ራሱን የቻለ ትምህርት መሆኑ ቀረ። እንደገና የተመለሰው በ2010 ዓ.ም. ከቀረበው የትምህርት ፍኖተ ካርታ በኋላ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ሲሆን፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የሚማሩበት የግብርና መጽሐፍ ተዘጋጅቷል። በመካከሉ ያለፈው ጊዜ አንድ ትውልድ ያህል ነው። በዚህም ምክንያት ዛሬ በክፍል ውስጥ የቆመው የግብርና መምህር እርሱ ራሱ በሁለተኛ ደረጃ ግብርናን ሲማር ያላየ፣ አርአያ የሚያደርገው ቀዳሚ መምህር የሌለው ሰው ነው።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤትን ማስታወስ ይበቃል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ተማሪዎች ከዘጠና የሚበልጡት ግማሽ ውጤት አላመጡም፤ አብዛኞቹም ያለፈውን የትምህርት ዘመናቸውን ይዘው ወደ ቤተሰባቸው ተመለሱ ማለት ነው። በአዊ ገጠር ቤተሰብ ማለት መሬት ነው። ስለዚህ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የሚሰጠው የግብርና ትምህርት ለአብዛኛው ወጣት ስለሚኖርበት መሬት በትምህርት ቤት የሚሰማው የመጨረሻ ቃል ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭት የብዙ ትምህርት ቤቶች ሥራ የተቋረጠ መሆኑ ሲታሰብ ደግሞ፣ ክፍሉ በተከፈተበት በእያንዳንዱ ሰዓት የሚሰጠው ትምህርት ፍሬ ያለው መሆን እንዳለበት አያጠራጥርም።

ለ. መሬቱ የሚጠይቀው

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋ ናት። በዙሪያዋ ያለው የባንጃ ገበሬ ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍና ድንች ያመርታል። የአካባቢው ዋና የመሬት ችግር የአፈር ኮምጣጣነት ነው። ብዙ ዝናብ በሚዘንብበት ደጋ ውኃው ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ከአፈሩ እያጠበ ይወስዳል፤ በምትኩ አሉሚኒየም ይበረታና የአዝመራውን ሥር ያቀጭጫል፤ ገበሬው በውድ ዋጋ ገዝቶ የጨመረው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፎረስም በአፈሩ ተይዞ ለተክሉ ሳይደርስ ይቀራል። ችግሩ የአዊ ብቻ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በተለያየ ደረጃ ኮምጣጣ እንደ ሆነ ይነገራል። መድኃኒቱ ኖራ መሆኑ ታውቋል። ነገር ግን ኖራው በሄክታር በብዙ ኩንታል የሚቆጠር ነው፤ ከዘር ወቅት አስቀድሞ ከአፈር ጋር መዋሐድ አለበት፤ መጠኑም በአፈሩ ምርመራ ይወሰናል። ተማሪው ይህን ከተረዳ በኬሚስትሪ ክፍል የተማረው የአሲድና የቤዝ ነገር ለምን እንደ ሆነ ይገባዋል፤ አባቱም ማዳበሪያው «አልሠራም» ያለበትን ምክንያት ሊያስረዳው ይችላል።

ከእንጅባራ ወደ ሰሜን ሲኬድ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ይገኛል። በዚያ ገበሬው ለኮምጣጣው መሬት ራሱ መላ ፈጥሮለታል። መነሻው ከአውስትራሊያ የሆነውን፣ በአካባቢው ዲከረንስ ተብሎ የሚታወቀውን የግራር ዘር በማሳው ላይ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ወይም ሌላ እህል ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩን ለከብት ያጭዳል፤ ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከሰሉም አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል፤ መሬቱም እንደገና ለእህል ይታረሳል። ዛፉ ናይትሮጅንን ከአየር ወደ አፈር የሚያስገባ ወገን ነው። ችግኝ አፍይዎች፣ ቆራጮች፣ አክሳዮችና ነጋዴዎች ሁሉ በዚህ ሥራ ኖረዋል፤ ብዙ ቤተሰብ ቆርቆሮ ቤት የሠራውና ልጁን ያስተማረው በዲከረንስ ገንዘብ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ከስንዴ ዋግ ወገን የሆነ የፈንገስ በሽታ በዛፉ ላይ ወርዶ ብዙ ተክል አድርቋል። አንድ ወረዳ በአንድ ዛፍ ላይ ኑሮውን ሲመሠርት ምን ዓይነት አደጋ እንደሚጠብቀው ከዚህ የበለጠ አስተማሪ አይገኝም። ይህ ታሪክ ስለ ደን፣ ስለ አፈር ለምነት፣ ስለ ተክል በሽታ፣ ስለ ገበያና ስለ ቤተሰብ ሀብት በአንድነት የሚያስተምር ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የተዘጋጀ መጽሐፍ ይህን ሁሉ ሊይዝ አይችልም፤ ሊይዝም አይጠበቅበትም። ይህን የመሙላት ኃላፊነት የመምህሩ ነው። ተማሪው «ዛፋችን ለምን ደረቀ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ «በመጽሐፉ የለም» ከሆነ፣ ትምህርቱ በዚያው ሰዓት ከኑሮው ተለይቶ ቀረ።

ዳንግላ በከፍታ ዝቅ ትላለች፤ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ናት። በዚያ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ጤፍና ኑግ ይበቅላል። የዓመቱ ዝናብ በአማካይ 1,600 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከመቶው 90 የሚሆነው የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። ከዚያ በኋላ መሬቱ ይደርቃል፤ ሆኖም በብዙ ቦታ ውኃው በእጅ በሚቆፈር ጕድጓድ ሊደረስበት በሚችል ጥልቀት ላይ ነው። በ2006 ዓ.ም. በዳንግላ ወረዳ በዳንገሽታ ቀበሌ ከእንግሊዝ አገር ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው የአካባቢውን ነዋሪዎች አሠልጥነው፣ ነዋሪዎቹ ራሳቸው የዝናቡን መጠን፣ የወንዙን ከፍታና የጕድጓዱን የውኃ ወለል በየጊዜው እየለኩ እንዲመዘግቡ አደረጉ። መዝገቡ ሲመረመር በመደበኛ ጣቢያዎች ከሚሰበሰበው የማያንስ ሆኖ ተገኘ። መሣሪያዎቹ የዝናብ መለኪያ፣ በወንዝ ዳር የተተከለ ምልክት ያለበት እንጨትና የመለኪያ ገመድ ናቸው። ገበሬ በነዚህ መሣሪያዎች ለሳይንስ የሚጠቅም መዝገብ ከያዘ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የማይዝበት ምክንያት የለም። የሚያስፈልገው መለካትንና መመዝገብን የሚያለማምድ መምህር ብቻ ነው።

ሐ. የትምህርት ዘመንና የዝናብ ዘመን

ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፍ አንድ እንቅፋት አለ። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ የሚዘጋው በሰኔ ነው። ገበሬው አርሶ የሚዘራው፣ የሚያርመውና የሚኮተኩተው አብዛኛውን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የእርሻው ክፍል ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሲሆን የትምህርቱ ክፍል ባዶ ነው። የትምህርት ቤት እርሻ በየቦታው አረም የሚውጠው በመምህሩ ስንፍና ነው ተብሎ ይታማል፤ ዋናው ምክንያት ግን ሁለቱ ዘመናት አለመገጣጠማቸው ነው።

መፍትሔው በአካባቢው በራሱ ይገኛል። በአዊ ድንች ከክረምት ውጭም በመስኖ ይመረታል። በጥር ወር በመስኖ የተተከለ ድንች ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት ይደርሳል፤ ተማሪውም ከዘር መረጣ እስከ ምርት ሚዛን ድረስ ያለውን ሥራ በአንድ ወሰነ ትምህርት ውስጥ በዓይኑ ያየዋል። በዳንግላ በኩልም የጕድጓድ ውኃ ባለበት ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ ይለማል። ገብስን በተመለከተ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ፤ የሚሰናበተው ክፍል በሰኔ ይዘራል፣ አዲስ የሚገባው ክፍል በጥቅምትና በኅዳር ያጭዳል። ለወጪው ክፍል መዝገቡን ጽፎ ለገቢው ማስረከብ ራሱ ትምህርት ነው። ይህን የሚያውቅ መምህር የዓመቱን እቅድ የሚያወጣው ከመጽሐፉ ምዕራፍ ተራ ብቻ ሳይሆን ከአካባቢው የሥራ ወራት ተነሥቶ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ችግር እንዴት እንደ ተፈታ ማየቱ ይጠቅማል። በአሜሪካ በ1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1917) የወጣው የሙያ ትምህርት ሕግ የግብርና ተማሪ በዓመት ቢያንስ ስድስት ወር በመምህር ተቆጣጣሪነት የእርሻ ሥራ እንዲሠራ ያስገድድ ነበር። ተማሪው በቤተሰቡ መሬት ላይ የራሱን ሥራ ይዞ ሒሳቡን ይመዘግባል፤ መምህሩም በበጋ ዕረፍት ጊዜ ሳይቀር እየዞረ ይጎበኘዋል፤ ደመወዙም ለዚህ ሥራ እንዲሆን በዓመት ለ12 ወር ይታሰብለታል። የአዊ ገበሬ መሬት ጠባብ ስለ ሆነ ነገሩን እንዳለ መቅዳት አይቻልም። አሳቡ ግን ሊወሰድ ይችላል፦ ከጓሮ ጥግ አንድ መደብ ድንች፣ አምስት ዶሮ፣ ወይም አንድ የንብ ቀፎ ለአንድ ተማሪ በቂ የሥራ መስክ ነው። መምህሩ በክረምት ለሚያደርገው ጉብኝት የሚገባው አበል ካልታሰበ ግን ይህን መጠየቅ ፍትሐዊ አይሆንም።

መ. የመምህሩ ፍላጎቶች

ከላይ ከተዘረዘረው የተነሣ የሁለተኛ ደረጃ የግብርና መምህር የሙያ ዕድገት ፍላጎቶች በስድስት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

አንደኛው የዕውቀት ስፋት ነው። መምህሩ በዩኒቨርሲቲ የተመረቀው በአንድ ክፍል ነው፤ በዕፅዋት ሳይንስ፣ በእንስሳት ሳይንስ፣ በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ወይም በግብርና ኢኮኖሚክስ። በክፍል ውስጥ ግን ሁሉንም ማስተማር አለበት። የእንስሳት ምሩቅ ስለ አፈር፣ የአፈር ምሩቅ ስለ ዶሮ እርባታ ሲያስተምር መጽሐፉን ከማንበብ ያለፈ ነገር ለመስጠት ይቸገራል። ይህ ጉድለት በረጅም ሥልጠና ብቻ የሚሞላ አይደለም፤ የተለያየ ክፍል ምሩቃን የሆኑ የጎረቤት ትምህርት ቤት መምህራን ትምህርት ቢለዋወጡ ብዙው ይቃለላል።

ሁለተኛው የማስተማር ዘዴ ነው። የግብርና ምሩቅ በመሠረቱ ለልማት ሥራ ወይም ለምርምር የሠለጠነ እንጂ ለክፍል የሠለጠነ አይደለም። ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን የሚሰጠው የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ቢሆንም፣ ተማሪን በማሳ ላይ ስለ ማስተማር የሚለው ጥቂት ነው። ስድሳ ተማሪ ይዞ ወደ መደብ የወጣ መምህር ሥራውን በቡድን ካልከፋፈለ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን የሚመለከተውንና የሚመዘግበውን ካልሰጠ፣ ጥቂቶቹ ይቆፍራሉ፤ የቀሩት ቆመው ያያሉ።

ሦስተኛው የእጅ ሙያ ነው። ለምሳሌ ያህል የዘር ድንች አቀማመጥን መውሰድ ይቻላል። የዘር ድንች በጨለማ ከተከመረ ረጅምና ነጭ ቡቃያ አውጥቶ ይደክማል፤ ብርሃን እንደ ልብ በሚዘልቅበት፣ ነገር ግን ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ግን አጭር፣ አረንጓዴና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል። እንዲህ ያለው ማከማቻ ከአካባቢው እንጨትና ከሣር ክዳን ሊሠራ ይችላል። በአዴት የምርምር ማዕከል ከወጡት የድንች ዝርያዎች አንዱ በእንጅባራ አቅራቢያ በሚገኘው በዘንገና ሐይቅ ስም «ዘንገና» ተብሎ የሚጠራ ነው። በእንጅባራ የሚያስተምር መምህር በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ማከማቻ ቢያሠራ፣ የዝርያ ምርጫን፣ የዘር ጥራትንና የምርት ጥበቃን በአንድ ጣራ ሥር አስተማረ ማለት ነው። ይህን ለማሠራት ግን እርሱ ራሱ አንድ ጊዜ ሠርቶ ማየት ያስፈልገዋል።

አራተኛው ከአካባቢው ዕውቀት ጋር መተሳሰር ነው። በየቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አለ፤ የገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ። ከሁሉም በላይ በመሬቱ ላይ ያረጀ ገበሬ አለ። ስለ ፈረስ አያያዝ ከአዊ ሽማግሌ የተሻለ የሚያስተምር ማነው? መምህሩ እነዚህን ሰዎች ወደ ክፍሉ ሲጋብዝ ሥልጣኑ አይቀንስበትም። ግን አንዱ የሚናገረውንና ሌላው የሚናገረውን አመዛዝኖ፣ የሚስማማውንና የማይስማማውን ለይቶ፣ በሙከራ እንዲፈተን ማድረግ የመምህሩ ተግባር ነው፤ ለዚህም ልምምድ ያስፈልገዋል።

አምስተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። በአዊ ገጠር ያለው ልጅ በቤቱ የሚናገረው አገውኛ ነው፤ በገበያ አማርኛ ይነገራል፤ የሁለተኛ ደረጃ መጽሐፉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ፊዚክስ ሲሆን ሦስቱም ቋንቋዎች ለልጁ እኩል እንግዳ ሊሆኑ ይችላሉ። በግብርና ግን እንደዚያ አይደለም። ልጁ የሣሩን ዓይነት፣ የአፈሩን መልክ፣ የበሬውን ሕመም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ስም በስም ያውቃል። ይህን ሁሉ ዕውቀት በር ላይ አስቀምጦ እንዲገባ ከተደረገ፣ ትምህርቱ ካለው ሀብት ይልቅ የጎደለውን ብቻ ያሳየዋል። በሦስቱ ቋንቋዎች የተዘጋጀ የግብርና ቃላት መዝገብ ከብዙ ሥልጠና የበለጠ መምህሩን ይረዳዋል።

ስድስተኛው ምዘናና ክብር ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ያረፈደ ወይም ያጠፋ ተማሪ ዶማ ይዞ እንዲቆፍር ይደረጋል። ቁፋሮን ቅጣት ያደረገ ትምህርት ቤት በሚቀጥለው ሰዓት ቁፋሮን ሙያ ነው ብሎ ቢያስተምር ማን ያምነዋል? እንዲሁም የተማሪው ማርክ በመከሩ ብዛት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ በረዶ ያወደመበት ተማሪ ጥፋቱ ምንድን ነው? ሊመዘን የሚገባው ምን እንዳቀደ፣ ምን እንዳየ፣ እንዴት እንደ መዘገበና ውድቀቱን እንዴት እንዳስረዳ ነው። ይህን ዓይነት ምዘና ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው።

ሠ. ሊደረግ የሚቻለው

በኅዳግ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች ብዙ ገንዘብ እንደማይኖራቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረቡት አሳቦች ካለው አደረጃጀት ላይ የሚነሡ ናቸው።

የትምህርት ሚኒስቴር በ2002 ዓ.ም. ባወጣው የተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያ ዕድገቱ እንዲያውል ተደንግጓል፤ አዲስ የተመደበ መምህርም ለሁለት ዓመት በአማካሪ ሥር እንዲታገዝ ተወስኗል። መምህራን በየጊዜው የሚያሰሙት ቅሬታ እነዚህ 60 ሰዓታት ፋይል በመሙላትና ቅጽ በመፈረም ያልፋሉ የሚል ነው። ለግብርና መምህራን ከ60ው ቢያንስ ግማሹ በማሳ፣ በማከማቻ፣ በችግኝ ጣቢያና በቤተ ሙከራ ለሚሠራ ሥራ እንዲቆጠር ቢደረግ፣ ማስረጃውም ፋይል ሳይሆን የተሠራው ሥራና የተያዘው መዝገብ ቢሆን፣ ያለ ተጨማሪ በጀት ብዙ ለውጥ ይመጣል።

እንደዚሁም በ2010 ዓ.ም. ተማሪዎችን መቀበል የጀመረው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በደጃፍ ይገኛል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥርም የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ በዘንዘልማ ይሠራል። የአፈር መመርመሪያ ያላቸው ተቋማት ከየትምህርት ቤቱ የሚመጣ ጥቂት የአፈር ናሙና በዓመት አንድ ጊዜ ቢመረምሩላቸው፣ መምህሩ ስለ ኮምጣጣ አፈር የሚያስተምረው በትምህርት ቤቱ ግቢ አፈር ውጤት ይሆናል። ከዚያም ተማሪዎቹ አንዱን መደብ በኖራ፣ ሌላውን በምድጃ አመድ፣ ሦስተኛውን እንዳለ አድርገው ገብስ ቢዘሩ፣ ከብዙ ገጽ ንባብ የበለጠ ይማራሉ።

የጉብኝት ልውውጥም ቀላል ነው። የእንጅባራ መምህራን በበጋ ወደ ዳንግላ ወርደው የጕድጓድ መስኖውን፣ የዳንግላ መምህራን ወደ ደጋው ወጥተው የዘር ድንቹንና የዲከረንሱን ማሳ ቢጎበኙ፣ የአንድ ቀን መንገድ ብቻ ነው። ወደ ቻግኒና ወደ ጃዊ ቆላ ቢዘልቁ ደግሞ ቡናና ሰሊጥ የሚበቅልበትን ሌላ ዓለም ያያሉ። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ በአንድ አስተዳደር ውስጥ መገኘታቸው ለመምህራን ሥልጠና የታደለ መስክ ያደርገዋል። ሰላምና የመንገድ ደኅንነት በሌለበት ጊዜ ይህ ሊደረግ አለመቻሉ ግልጽ ነው፤ በሚቻልበት ጊዜ ሁሉ ግን ሊዘገይ አይገባውም።

የማኅበሩ ድርሻ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ማኅበሩ መሬትም በጀትም የለውም። ያለው ነገር አባላቱና ድምፁ ነው። አባላቱ የየአካባቢያቸውን ፍላጎት ራሳቸው ጽፈው እንዲያቀርቡ ማድረግ፣ በአንዱ ትምህርት ቤት የተሞከረውን ለሌላው ማሳወቅ፣ ከሸፈ የተባለውን ሙከራም ከነምክንያቱ ማሳተም፣ የሦስቱን ቋንቋዎች የቃላት መዝገብ ማስጀመርና የክረምት ጉብኝት አበል ጉዳይን ለሚመለከተው ክፍል ማቅረብ በአቅሙ ሥር ያለ ተግባር ነው። በ1966 ዓ.ም. መምህራን ያልመከሩበትን እቅድ ተቃውመው አስቁመዋል። ዛሬ ግብርና ወደ ክፍል ሲመለስ ደግሞ የመቃወም ብቻ ሳይሆን የመምራት ዕድል በእጃቸው ገብቷል።

የአዊ ገበሬ በኮምጣጣ መሬት ላይ ዛፍ ተክሎ ገንዘብ ማድረግን ማንም ሳያስተምረው ያገኘ ሰው ነው፤ ዛፉ ሲታመም ግን ለበሽታው መልስ የሚሰጠው አላገኘም። ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት ከማሳው ጥቂት እርምጃ ርቆ ይገኛል። በዚያ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው የግብርና መምህር የሚያስፈልገውን ዕውቀት፣ ጊዜና ክብር ያገኘ እንደ ሆነ፣ ያ ርቀት ይጠባል። ሳያገኝ ከቀረ ግን ትምህርቱ በመጽሐፍ፣ ችግሩም በማሳ ላይ ተለያይተው እንደ ኖሩ ይቀራሉ።